«ቁም» ሲሉት የሚቆም አስተማሪ

ዕቃው ይኼ ነው። አንድ ያገለገለ ላፕቶፕ፣ አንድ ትንሽ ራውተር፣ አንድ ባለ 50 ዋት ሶላር ከነባትሪው። ላፕቶፑ ላይ ኮሊብሪ የሚባል ሶፍትዌር ተጭኗል። ኢንተርኔት የለም። ተማሪው ስልኩ ላይ ዋይፋይ ያበራል፣ የትምህርት ቤታችንን ስም ይነካል፣ ብሮውዘሩ ላይ አጭር አድራሻ ይጽፋል። ቪዲዮው፣ መልመጃው፣ መጽሐፉ ይመጣለታል። የአንድ ብር ዳታ አይቆረጥበትም።

ሁለት ዓመት ሠራንበት። ከሌሎች ወረዳዎች መምህራን እየደወሉ «እናስገባው ወይ?» ስለሚሉኝ ያየሁትን ልጻፍ። ሻጭ አይደለሁም። ሶፍትዌሩም ነፃ ስለሆነ የሚሸጥ ነገር የለም።

እኔ ከእምድብር ወጣ ባለ የገጠር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር ነኝ። የአይሲቲ መምህራችን ከለቀቀ ወዲህ አይሲቲውም እኔው ላይ ወድቋል። መብራት አለን፤ ሲፈልግ ይመጣል። ኔትወርክ የሚገኘው ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ካለው ኮረብታ ላይ ነው። ኮረብታው ላይ ቆሞ ስልኩን ወደ ሰማይ የዘረጋ ሰው ካያችሁ ጸሎት አይደለም፣ ቴሌግራም ነው።

ከዕቃው በፊት ግን አንድ ነገር ልናገር። እኔ የፕላዝማ ልጅ ነኝ። በ1997 ዓ.ም. ምንጃር ውስጥ 9ኛ ክፍል ስገባ ያ ትልቅ ስክሪን በብረት ሳጥን ተቆልፎ ጠበቀን። ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ ሁሉም በሳተላይት፣ ሁሉም በእንግሊዝኛ። ስክሪኑ ላይ ያለችው መምህርት ጥያቄ ትጽፋለች፣ ሰዓት ትሰጣለች፣ ሰዓቱ ወደ ታች ይቆጥራል። እኛ ጥያቄውን ገልብጠን ሳንጨርስ መልሱ ዱብ ይላል። የኛ መምህር ጥግ ላይ ቆሞ እንደኛው ያያል። አንድ ቀን ከኋላ የተቀመጠ ልጅ «ቲቸር፣ ትንሽ ያቁሟት!» ብሎ ጮኸ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩም ሳቀ። ማን ያቁማት? በዚያች ደቂቃ አገር ሙሉ 9ኛ ክፍል እሷኑ እያየ ነው። አንዱ ክፍል አልገባኝም ቢል የሚሰማ የለም። ጄኔሬተሩ ነዳጅ ሲጨርስ ብቻ ነበር የምትቆመው፤ ያኔ ደግሞ ጭራሹኑ ትጠፋለች።

ፕላዝማን ለመርገም አይደለም። እኔ መጀመሪያ ማይክሮስኮፕ ውስጥ ያለ ሴል ያየሁት እዚያ ላይ ነው። ሆኖም ከዚያ ወዲህ አዲስ የመማሪያ ቴክኖሎጂ ይዞ የመጣን ሰው ሁሉ የምጠይቀው ጥያቄ አንድ ሆነ። ይቆማል ወይ?

ኮሊብሪ ይቆማል። ዋናው ሙገሳዬ ይኼው ነው። የቀረው ዝርዝር ነው።

ሶፍትዌሩን የሚሠራው ለርኒንግ ኢኳሊቲ የሚባል ለትርፍ ያልቆመ የአሜሪካ ድርጅት ነው። መጀመሪያ በ2012 እ.ኤ.አ. ካን አካዳሚ የሚባለውን የነፃ ትምህርት ድረ ገጽ ቪዲዮዎች ያለ ኢንተርኔት ለማሳየት ኬኤ ላይት የሚባል ነገር አወጡ። ኮሊብሪ የዚያ ታናሽ ወንድም ነው። ዊንዶውስ ላይም፣ ሊኑክስ ላይም፣ ራስበሪ ፓይ በሚሏት የመዳፍ ታህል ኮምፒውተር ላይም ይሠራል። እኛ ላፕቶፕ የመረጥነው የራሱ ባትሪ ስላለው ነው። መብራት ሲጠፋ ትንሿ ኮምፒውተር አብራ ትጠፋለች፤ የኛ አሮጌ ላፕቶፕ ግን ሁለት ሰዓት ያህል ይንገታገታል። ሶላሩ ራውተሩን ይይዛል፣ የተማሪ ስልክም ቻርጅ ያደርጋል።

ጠቅላላ ወጪው በ2015 ዓ.ም. ክረምት 29 ሺህ ብር ገደማ ነበር። ላፕቶፑ 17 ሺህ፣ የቀረው ሶላርና ትርኪ ምርኪ። ገንዘቡ አዲስ አበባ ከሚኖሩ የቀድሞ ተማሪዎቻችን መዋጮ ነው። ለምን እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ ገባችሁ ለሚል፣ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተነው ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበር ማስታወስ ይበቃል። ያን ሰሞን መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ሻይ እንኳ አልጠጣም ነበር። ኩርፊያ በኩርፊያ ሆነን ከረምን።

እሺ፣ ስልክ ከየት ይመጣል? ይኼን ሁሉም ይጠይቀኛል። የጉራጌን አገር የሚያውቅ መልሱን ያውቀዋል። በመስቀል ነው። በመስቀል አዲስ አበባ ያለው ነጋዴ፣ ሠራተኛ፣ ተማሪ ሁሉ ወደ አገሩ ይተማል። ለእናቱ ቅቤ ማንጠሪያ ይገዛል፣ ለታናሽ ወንድሙ አሮጌ ስልኩን ይሰጣል። ስክሪኑ የተሰነጠቀ፣ ካሜራው የደበዘዘ፣ ግን ብሮውዘር የሚከፍት። ጥቅምት ላይ ቆጠራ ባደርግ ከመስከረም መጀመሪያው በእጥፍ የሚበልጥ ስልክ አገኛለሁ። አንድ ስልክ ለሦስት ተማሪ ይደርሳል። ሦስት መሆናቸው ደግሞ ጥሩ ነው፤ አንዱ ሲነካ ሁለቱ ይከራከራሉ።

የመጀመሪያው ሳምንት አሳፋሪ ነበር። ፈረንጅኛው ቪዲዮ ተከፈተ፣ ልጆቹ ዝም ብለው አፈጠጡ፣ እኔ ፕላዝማ ትዝ አለኝ። 9ኛ ክፍል ላይ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው ይባላል እንጂ የገጠር ልጅ እንግሊዝኛውን የሚሰማው ከኔው አፍ ነው፤ የኔም ያው የምታውቁት ነው። ስለዚህ ዘዴ ቀየርኩ። ቪዲዮውን በፕሮጀክተር ለሁሉም እከፍታለሁ፣ አንድ ደቂቃ ተኩል ሲሄድ አቆማለሁ፣ «ምን አለ?» እላለሁ። አንዱ በአማርኛ ይናገራል፣ ሌላው ያርመዋል፣ ከኋላ በጉራጊኛ የሚንሾካሾክ አለ። ተግባብተናል ስል እቀጥላለሁ። የስድስት ደቂቃ ቪዲዮ 35 ደቂቃ ይወስዳል። ክፍለ ጊዜው በዚሁ ያልቃል። ያለቀው ግን ገብቷቸው ነው።

ይኼን ማቆም እኔ የፈጠርኩት እንዳይመስላችሁ። ያየሁት አጎቴ ዘንድ ነው። ምንጃር የጤፍ አገር ነው። የግብርና ልማት ሠራተኛዋ በባትሪ የምትሠራ ትንሽ ፕሮጀክተር ይዛ መጥታ ግድግዳ ላይ የተወጠረ ነጠላ ላይ ቪዲዮ አሳየች። ጤፍን በመስመር መዝራት ነው። የሚያሳየው ገበሬ የጎረቤት ቀበሌ ሰው ነበር። አጎቴና ጓደኞቹ መጀመሪያ የጠየቁት ስለ ጤፉ አይደለም። «ይኼ ሰውዬ የማን ልጅ ነው?» ነው ያሉት። ልጅቷ ፕሮጀክተሩን አቁማ የማን ልጅ እንደሆነ ተናገረች። ከዚያ በኋላ ነው ያዳመጡት። እየቆመች፣ እየጠየቀች፣ ሽማግሌዎቹ እየተሟገቱ ሄደ። አንዱ «ለሄክታር ከአምስት ኪሎ በታች ዘር? ወፍ በላውሳ?» ብሎ ተነሳ። ዱሮ እነሱ በብተና 30ና 40 ኪሎ ያፈሱ ነበር። እዚያው ላይ ቆማ ስለ ወፉ ተነጋገሩ። ዲጂታል ግሪን የሚባለው ድርጅት ከሕንድ ጀምሮ እኛም አገር ያመጣው ዘዴ እንዲህ ያለ ነው። በአካባቢው ሰው የተቀረጸ አጭር ቪዲዮ፣ ትንሽ ፕሮጀክተር፣ መሐል ላይ የሚያቆም ሰው። ለገጠር የሚሆን የዲጂታል ትምህርት አሳዩኝ ብትሉኝ ከሁሉም በፊት የምጠቅሰው ያን ነጠላ ነው።

ከዚያ ተነስቼ እኔም የራሴን መቅረጽ ጀመርኩ። በስልኬ፣ ከእንሰቱ ጀርባ፣ ነፋስ ሳይነሳ በጠዋት። ሦስት አራት ደቂቃ፣ በአማርኛ፣ ሰሌዳውና እጄ ብቻ እንዲታዩ። ኮሊብሪ ስቱዲዮ በሚባለው ድረ ገጽ የራስን ቪዲዮ አስገብቶ ቻናል መሥራት ይቻላል። ለዚያ ግን ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ በወር አንዴ ወልቂጤ እሄዳለሁ። ጥራቱ አያኮራም። አንዱ ቪዲዮ ላይ ዶሮ ገብታለች። ልጆቹ ከካን አካዳሚው ይልቅ የዶሮዋን ቪዲዮ ደጋግመው ይከፍታሉ። ሁለት ያልታወቁ ስላሉባቸው እኩልታዎች ነው፣ ዶሮዋ ግን ታዋቂ ሆናለች።

አሁን ወደ ሚስጥሩ ልምጣ። ኮሊብሪ ለመምህሩ የሚያሳየው ገጽ አለ። ማን የትኛውን መልመጃ ከፈተ፣ ስንቴ ሞከረ፣ የት ላይ ተሳሳተ። መጀመሪያ ለቁጥጥር ይጠቅመኛል ብዬ ነበር የከፈትኩት። ያየሁት ግን አሳመመኝ። 10ኛ ክፍል የሚማሩ ልጆቼ የወደቁት በ10ኛ ክፍል ሒሳብ አይደለም። ክፍልፋይ መደመር ላይ ነው። የ6ኛ ክፍል ነገር። እኔ ለዓመታት ኳድራቲክ እያልኩ ሰሌዳ ስሞላ እነሱ ሁለት ሦስተኛ ሲደመር አንድ አራተኛ ላይ ቆመው ነበር። ማንም አልነገረኝም። ማን ይናገራል?

አንድ ተማሪ አለኝ። 19 ዓመቱ ነው፣ ከኔ ይረዝማል፣ ድምፁ ወፍራም። እሱ ክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ «ክፍልፋይ አልገባኝም» ሊል? ሞቱን ይመርጣል። መዝገቡ ላይ ሳይ ግን በየቀኑ ከ10 ሰዓት በኋላ የ5ኛና የ6ኛ ክፍል ክፍልፋይ እየከፈተ ነው። አንዱን መልመጃ 31 ጊዜ ሞክሯል። ማሽኑ አልሳቀበትም፣ አልተቆጣውም፣ ጥቂት በትክክል እስኪመልስ ድረስ ጨርሰሃል አላለውም። እኔም እንዳየሁ አልነገርኩትም። የካቲት ላይ ሰሌዳ ወጥቶ ክፍልፋይ ያለበት እኩልታ ሠራ። ዞር ብሎ እንኳ አላየኝም። የሁለት ዓመቱ 29 ሺህ ብር በዚያች ቀን ተመልሷል ብዬ ነው የማስበው።

ስለዚህ ኮሊብሪ የምታስገቡ ከሆነ የታችኛውን ክፍል ትምህርት አትተዉት። ቦታ ለመቆጠብ ብላችሁ የ9ኛና የ10ኛውን ብቻ አትጫኑ። ከ4ኛ ክፍል ጀምሩ። ሙሉውን የካን አካዳሚ ቻናል መጫንም ግዴታ አይደለም፤ ርዕስ እየመረጡ መውሰድ ይቻላል።

ከኮሊብሪ ጎን ኪዊክስ የሚባል ሌላ ነፃ ሶፍትዌርም ጭነናል። ዊኪፔዲያን ያለ ኢንተርኔት ያሳያል። እንግሊዝኛው ከነሥዕሉ 100 ጊጋ ባይት ገደማ ስለሆነ አጭሩን ወሰድን። አማርኛው 15 ሺህ ገደማ ጽሑፍ ብቻ ስላለው የትም ይገባል። ልጆቹ መጀመሪያ የሚፈልጉት የራሳቸውን አገር ነው። ጉራጌ ብለው ይጽፋሉ፣ ያነባሉ፣ «ይኼ እኮ ልክ አይደለም» ብለው ይከራከራሉ። እሱም ትምህርት ነው።

ከሁሉም የበለጠ የሚከፈተው ግን ምን መሰላችሁ? ቪዲዮው አይደለም። የመማሪያ መጽሐፉ ፒዲኤፍ ነው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲመጣ የታተመው መጽሐፍ ለሁሉም ስላልደረሰ ፒዲኤፉን አንድ ጊዜ ኮረብታው ላይ ወጥቼ አወረድኩ፣ ላፕቶፑ ላይ ጫንኩ። ሁሉም ከዚያ ወሰደ። ሌላ ምንም ባይሠራ ለዚህ ብቻ በቂ ነው።

ኮቪድ ጊዜ ይኼ ሳጥን ቢኖረን እላለሁ። መጋቢት 7 ቀን 2012 ትምህርት ቤት ሲዘጋ እኔም እንደ ከተሜው ቴሌግራም ግሩፕ ከፈትኩ። ከ62 ተማሪ ዘጠኙ ገቡ። ከዘጠኙ ሁለቱ ታላቅ ወንድሞቻቸው ናቸው።

አሁን ስለ ጥፋቱ። መጀመሪያ የራሴ ሞኝነት። መርካቶ ካለ አንድ ሱቅ 512 ጊጋ የተባለ ፍላሽ በርካሽ ገዛሁ። ኮምፒውተሩ ላይ ሲሰካ 512 ይላል። ሌሊቱን ሙሉ ወልቂጤ ተቀምጬ ሞላሁት። ትምህርት ቤት ስመጣ ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ፋይሎች በቀር የሚከፈት ጠፋ። ውስጡ ትንሽ ነው፣ ስሙ ብቻ ነው ትልቅ። ሱቁ ስመለስ ሰውየው አላውቅህም አለኝ። ከሱቅ ሳትወጡ ትልቅ ፋይል ቅዱበት፣ ነቅላችሁ ሰክታችሁ መልሳችሁ ክፈቱት። ሻጩ ቢያኮርፍ ያኩርፍ።

ሁለተኛው ራውተሩ ነው። ርካሹን ስለገዛን ከ18 ስልክ በላይ ቪዲዮ ሲከፍት መንተፋተፍ ይጀምራል። ጽሑፍና መልመጃ ግን ችግር የለበትም። በቡድን እያፈራረቅን እንዘልቃለን።

ሦስተኛው ከዕቃው አይደለም፣ ከኛ ነው። በመጀመሪያው ዓመት መዝገቡን ሳይ ከትምህርት ሰዓት ውጭ ከሚገቡት ውስጥ ሴቶቹ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ምክንያቱን ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም። ከ9 ሰዓት ተኩል በኋላ ልጅቷ ቤት ትፈለጋለች። ውሃ አለ፣ እንሰት መፋቅ አለ፣ ታናናሾች አሉ። ስልኩም የወንድሟ ነው። ሐሙስ የምሳ ሰዓትን ለሴቶች ብቻ አደረግን፣ ስልክ ከመምህራን ተውሰን። ወንዶቹ «አድልዎ ነው» ብለው ለዳይሬክተራችን አመለከቱ። ዳይሬክተራችን ሴት ናቸው። ማመልከቻው እስካሁን እየታየ ነው።

አንድ የእርዳታ ድርጅትም 20 ታብሌት ሰጥቶን ነበር። ፎቶ ተነሳን፣ ተጨበጨበ። ሲከፈት በየሳምንቱ ኢንተርኔት ገብታችሁ ስማችሁን አረጋግጡ ይላል። ኮረብታው ላይ 20 ታብሌት ይዤ ልወጣ ነው? ቁምሳጥን ውስጥ ናቸው፤ ሽፋናቸው እንኳ አልተላጠም።

ስለ ታብሌት ካነሳን፣ ከኛ ብዙም የማይርቀው ወንጪ ታሪክ አለው። በ2012 እ.ኤ.አ. አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ የሚባለው ፕሮጀክት ሰዎች ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ላሉ ማንበብ ለማይችሉ ሕፃናት በሶላር የሚሞላ ታብሌት በታሸገ ካርቶን ሰጡ፣ አስተማሪ አላስቀመጡም። ልጆቹ ራሳቸው ከፈቱት፣ የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር ዘመሩ፣ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ሳይቀር አስከፈቱት ተብሎ ዓለም ተደነቀ። አምናለሁ። የገጠር ልጅ የማይፈታው ነገር የለም፤ የታሸገ ሞተር ብትሰጡትም ይፈታዋል። ግን ካሜራ መክፈትና ክፍልፋይ መደመር አንድ አይደሉም። ያ 31 ጊዜ የሞከረው ልጅ እንኳ ሦስት አራት ጊዜ ወደኔ መጥቶ «አንድ ጓደኛዬ ይኼ አልገባውም ይላል» ብሎኛል። ለጓደኛው አስረዳሁለት። ሰው ከጎኑ ባይኖር ማንን ይጠይቅ ነበር?

ውጤት ስጥ ካላችሁኝ፣ ሶፍትዌሩ ከ10 ስምንት። ሁለቱን የቀነስኩት ለኛ ሁለተኛ ደረጃ የሚሆን የአማርኛ ቪዲዮ ስላላገኘሁበትና የመጀመሪያው ጭነት ለጀማሪ ስለሚያደናግር ነው። ከኛ ሥርዓተ ትምህርት ጋር ርዕስ በርዕስ ማገጣጠሙም የመምህሩ ሥራ ነው፤ እኔ ሁለት ክረምት ፈጅቶብኛል፣ አበልም የለውም። ሶላሩ ከ10 ዘጠኝ፤ አቧራው በሳምንት አንዴ ከተወለወለ። ላፕቶፑ አራት። ማጠፊያው ተሰብሮ በላስቲክ ታስሯል።

አንድ ያልጠበቅኩት ነገር አለ። ባለፈው ሳምንት ሎጋሪዝም እየፈጠንኩ ሳስተምር ከፊት የተቀመጠች ልጅ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ፓውዝ» አለችኝ። ማንም አልሳቀም። ጠመኔውን አስቀመጥኩ።

የጎደለን ስልክ አይደለም፣ ገመድ ነው። ሶላሩ ላይ አራት መሰኪያ አለ፣ የሚሠራ የቻርጀር ገመድ ግን አንድ ቀርቶናል፤ እሱም አንገቱ ተጠምዝዞ ድንጋይ ካልተጫነው አይሞላም። ለዘንድሮ መስቀል ወደ አገር የምትገቡ የቀድሞ ተማሪዎች ይኼን ካነበባችሁ ባለ ጠፍጣፋ አፉንም፣ አዲሱን ባለ ክብ አፉንም አምጡ።